ሽምግልና የሄደችው ሞተር

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ልብስ አጥባችሁ ውጭ ታሰጣላችሁ ማለት ነው፤ ታድላችኋል። የእኛ የሲኤምሲው ጋሽ ተፈራ ዘይትና ቤንዚን ቀላቅለው የሚያጠጧት ሞተር አለቻቸው። ስትነሳ ሰፈሩ በጭስ ይጠፋል። "ይሽጧትና ይገላገሉ" ሲባሉ፣ ልጅዎን ይሽጡ የተባሉ ያህል ይቀየማሉ።

በቀደም ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ አያት ሰፈር ሽምግልና ተላክን። ጋሽ ተፈራ ዋና ሽማግሌ፣ እኔ ተከታይ። "በሞተሬ ካልሆነ አልሄድም" አሉ። ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን ወጣን፤ ዳገቱን እሳቸው እየነዱ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ጨረስነው። የጋቢዬን ነገር ተዉት።

የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ መቼም በቀጠሮ ነው የሚመለሰው። እንደ ወጉ በር ላይ ቆመን "ቁጭ በሉ" እስክንባል ስንጠብቅ፣ የልጅቷ አባት አየሩን አሸተቱ።

"ዘይት የሚቀላቀልባት ሞተር ናት አይደል?"

ለካ እሳቸውም የዚያችው ዓይነት፣ ከቆመች የቆየች ሞተር ጓሮ ውስጥ ሸፍነው አስቀምጠዋል። ሁለቱ ወጥተው ሞተሯ ሥር ሲንበረከኩ፣ እኔ ከነጥቁር ጋቢዬ እናትየው ፊት ተገትሬ ቀረሁ።

ሲመለሱ ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን..."

"ሰጥቻለሁ" አሉ አባት፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ጋሽ ተፈራ ልባቸው ሞላ። "እንግዲያው የዚያችን የቆመች ሞተር ካርቡራተርም ቢሰጡን?"

የአባትየው ፊት ተለወጠ።

"እሱን እንኳ ከቤተዘመድ ጋር ልማከርበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።"