ለአማቴ የተረጎምኳት መንፈስ

ሰው ስለራሱ በአደባባይ የማያፍርበት ነገር በዝቷል። ሰነፍ ነኝ ይላል፣ ሆዳም ነኝ ይላል፣ ሒሳብ አይገባኝም ነበር ይላል፣ ያውም እየሳቀ። "ፈሪ ነኝ" የሚል ጎልማሳ ግን ገጥሟችሁ ያውቃል? እንግዲያው ዛሬ እኔ ልግጠማችሁ። ፈሪ ነኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሪዜ ሸብቷል፣ በመሥሪያ ቤቴ ከእኔ በታች የሚሠሩ ሰዎች ሳልፍ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ጨለማ ኮሪደር ላይ ስደርስ ግን ጉንፋን ሳይዘኝ እስላለሁ። እዚያ ውስጥ ማንም ይሁን ማን፣ መምጣቴን አውቆ ገለል እንዲልልኝ ነው።

ፍርሃትም እኮ ደረጃ አለው። ጅብ የሚፈራ ሰው አስተዋይ ይባላል፣ በተለይ እንደኛ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አጥሩ ድረስ በመጣበት ሰፈር የሚኖር ከሆነ። ሌባ የሚፈራ ጠንቃቃ ነው። አለቃውን የሚፈራ ዕድገት ያገኛል። የሞተ ሰው የሚፈራ ግን ይሳቅበታል እንጂ አይከበርም። የሚፈራት ሟች የገዛ ሚስቱ ከሆነችማ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ለማንም ነግሬ ስለማላውቅ ሲባል አልሰማሁም።

ይህ ነገር ሲሆን ሶስና ካረፈች አሥር ወር ሆኗት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር የተቆጣችኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካረፈች ወዲህ ግን በየሳምንቱ በሕልሜ ትመጣለች። አትቆጣም፣ አታለቅስም። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ከዚያ የሆነ ነገር ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት እኔ በላብ ተጠምቄ እባንናለሁ። ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ማወቅም አልፈለግሁም ነበር። የፈለግሁት ቤት መቀየር ነው።

ቤቱም ተገኘ። አያት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አምስተኛ ፎቅ። ለአከራዩ ሰኞ ቁርጡን እነግርሃለሁ አልኩት። ምክንያቶቼንም ደርድሬ ጨርሼ ነበር፤ ይሄ ቤት እርጥበት አለው፣ ዳገቱ በክረምት መኪና ያንሸራትታል፣ ልጃችን ማህሌት ለትምህርቷ ይቀርባታል። ይቀርባታል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሙታን ደረጃ ይወጡ እንደሆነም አላጣራሁም፣ አምስተኛ ፎቅ የመረጥኩት ግን ለንፋሱ ብዬ አልነበረም።

የቀረኝ ለአማቴ መንገር ነው። እማማ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከደብረ ብርሃን መጡ፣ ቀበሯት፣ አርባዋን አወጡ፣ አሁን ወደ አገራቸው ይመለሳሉ ስንል ቀሩ። ቀድሞ ሦስት ቀን እዚህ ካደሩ "ቤቴን፣ ቤቴን" የሚሉ ሴት ነበሩ። ለምን እንደቀሩ አልጠየቅኋቸውም፤ አማት "ምነው አልሄዱም?" ተብለው ይጠየቃሉ? እኔና ልጄ እንዳንቸገር ነው ብዬ በሆዴ አመሰገንኳቸው። ከዚህ ቤት እንውጣ ብላቸው ግን እሺ እንደማይሉኝ የሆነ ነገር ይነግረኝ ነበር። እሳቸው እንቢ ካሉ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ሶስና እያለች እናቷን እንዳላስቀይም ቃል አስገብታኛለች።

እማማ በዚህ ዓለም አንድ ድክመት አላቸው፤ በአማርኛ ተተርጉመው በቴሌቪዥን የሚመጡ የውጭ ድራማዎች፣ ከሁሉ ደግሞ የስፓኒሾቹ። ገጸ ባሕርያቱን የጎረቤት ልጆች ያህል ያውቋቸዋል፣ የታመመው ይድን እንደሆነ ያሳስባቸዋል፣ በከዳችው ሚስት ይፈርዱባታል። ድራማ አይተው የተነሱ ዕለት ፊታቸው ይፈካል፣ ያኔ ምንም ብትጠይቋቸው እሺ ነው። ስለዚህ ማህሌትን "ለአያትሽ አንድ የስፓኒሽ ፊልም በፍላሽ አምጪላቸው" አልኳት።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እኔ በስፓኒሽ ያየሁት ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ድሃ ቆንጆ አለች፣ ሀብታም ልጅ አለ፣ ክፉ አክስት አለች፣ እውነተኛው አባት ሆስፒታል አልጋ ላይ ይገኛል፣ መጨረሻው ሠርግ ነው። በዚያ ቋንቋ ሰው ከማፍቀርና ከመካካድ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር። በስፓኒሽ የሚያስፈራ ነገር ይሠራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ማህሌት ፍላሹን ሰካችው።

"አባቢ፣ ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ታነብላታለህ።"

"ስለምንድን ነው?"

"ስለ ፋሚሊ። በጣም አሪፍ ነው" አለችና መገናኛ ጓደኞቿ እየጠበቋት እንደሆነ ነግራን ወጣች። ዋሸችኝ አልልም። ስለ ቤተሰብ ነበር።

እንግሊዝኛ የምታነቡ ሰዎች ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። የማያነብ ታላቅ ሰው ባለበት ቤት አንባቢው አስተርጓሚ ነው፤ "ምን አለች?" ሲባል "አላየሁም" አይባልም። እዚህ ላይ መከራዬን ተረዱልኝ። ፈሪ ሰው ፊልም ፊት ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፣ ዓይን መጨፈን። እኔ እሱን አስረክቤ ነው የተቀመጥኩት።

ሐምሌ ነው። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢያችን ገብቷል፣ ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ያለው አሥር እርምጃ አይታይም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ሳሎኑ መብራት ይፈልጋል። ንፋስ በመጣ ቁጥር የባሕር ዛፍ ፍሬ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ቋ ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ቋ። አሥራ ስምንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱ ስሜን የሚጠራ መሰለኝ።

ፊልሙ በቀብር ጀመረ። ምንም አይደለም፣ ድራማዎቻቸውም አንዳንዴ በቀብር ይጀምራሉ። ባሕር ዳር ትልቅ ቤት አለ፣ እናት ውሃ ወስዷት ሞታለች፣ አባትና ትንሽ ልጅ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

"ምን አለ?" አሉ እማማ።

"ከዚህ ቤት እንውጣ፣ ሌላ ቦታ እንኑር አለ።"

ይሄን ስተረጉም ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሰማይ ራሱ የላከልኝ አባት ነው። "አስተዋይ ሰው ነው" ብዬም ከራሴ ጨመርኩበት።  አባትና ልጅ ሻንጣቸውን ጭነው ሄዱ፤ እኔም ካሜራው ተከትሏቸው ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። ባዶው ቤት ውስጥ ቀረ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ባዶ ሳሎን ብቻ። ከዚያ ከፎቁ ኮቴ ተሰማ፣ ቀስ ያለ፣ ባዶ እግር የሆነ ኮቴ፤ ከፀጉሯ ውሃ የሚንጠባጠብ ሴት ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

ሁለቱንም እግሬን ሶፋው ላይ ሰበሰብኩ።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?"

"ሠራተኛቸው ናት።"

"ምነው ፀጉሯ?"

"ታጥባ ነው።"

ሴትዮዋ ግድግዳው ጋ ስትደርስ አልቆመችም፣ አልፋው ገባች።

"እንዴት አድርጋ ገባች?"

"በር አለ እዚያ ጋ፣ ስለጨለመ ነው የማይታየው።"

እኔ እዚህ ሰፈር ስኖር መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሳይጠፋ ቀርቶ አያውቅም። ሊጥ ስናቦካ ይጠፋል፣ ሸሚዜን ስተኩስ ይጠፋል፣ ዜና ሊጀምር ሲል ይጠፋል። ያን ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲጠፋ ስለት ተሳልኩ። ቀጥ ብሎ በራ።

ሴትዮዋ ክፍል በክፍል እየከፈተች ታያለች። የልጅቷን አልጋ ቦታ ታያለች፣ አልጋው የለም። ምድጃውን ታያለች፣ ቀዝቅዟል። ከታች የሚመጣው ጽሑፍ "ልጄ፣ የት ሄዳችሁ?" ይላል፤ እኔ "ቁልፉን የት አስቀመጣችሁት እያለች ነው" ብዬ ተረጎምኩ።  "ለምን ተዋችሁኝ?" ትላለች፤ እኔ "ደሞዜ ዘገየ" እላለሁ። ወደ መጨረሻ መተርጎሙንም ተውኩት፣ ትራሱን ደረቴ ላይ አቅፌ ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ። ጭንቅላቴ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ሲነሳ ይሰማኛል። ሴትዮዋ የመጨረሻውን ክፍል አይታ በሩ ላይ ቆመች። ዞረች። እኔን አየችኝ። አፏን ከፈተች።

ያ አቋቋም፣ ያ አፍ አከፋፈት፣ በሕልሜ የእኔ መኝታ ቤት በር ላይ የማየው ነው። በድንጋጤ የጮኽኩትን ጩኸት እዚህ ብጽፈው የመሥሪያ ቤት ሰዎች ያነቡታል። ሪሞቱን መሬት ላይ ዳብሼ አገኘሁትና አጠፋሁት።

አማቴን ገደልኳቸው ብዬ ዞር ስል እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ፍርሃት የለባቸውም። ዝም ብለው ነው የሚያለቅሱት።

"ለምን አጠፋኸው?"

"አይረባም እማማ፣ ሠራተኛዋ ደሞዟን..."

"ሠራተኛ አይደለችም። እናትየዋ ናት።"

"እንዴት አወቁ?"

"አሥር ወር ሙሉ እንዲህ ያለች ሰው ስጠብቅ ኖሬ፣ ሳያት አላውቃትም? ትተዋት ሄዱ እኮ። አሁን የት ብላ ታግኛቸው?"

"ምናልባት አባትየው ፈርቶ ይሆናል" አልኩ። ጠበቃ ሆንኩለት።

"ምኑን ነው የሚፈራው? ሚስቱ አይደለችም?"

 ቆርቆሮው ቋ አለ። እማማ ዓይናቸውን ከጠፋው ቴሌቪዥን ሳይነቅሉ እንዲህ አሉኝ፦

"ለእኔ አንድ ቀን እንኳ በሕልሜ አልመጣችም። አርባዋን ጠበቅሁ፣ ስድስት ወሯን ጠበቅሁ። ደብረ ብርሃን ብገባ መንገዱ ይርቅባታል፣ የምታውቀው ይሄን ቤት ነው ብዬ ነው የቀረሁት። እናቷ ነኝ፣ ምን አድርጌያት ነው? ላንተስ ልጄ፣ መጥታ ታውቃለች?"

አልመጣችም ማለት ይቻል ነበር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስዋሽ ነው የዋልኩት፣ አንድ ብጨምርበት ምላሴ አይደናቀፍም። እሳቸውም በእኩል አጥተናታል ብለው ይጽናኑ ነበር። ለማይፈልጋት እየመጣች ለሚጠብቋት መቅረቷን እንዴት ለእናት ይነገራል? ግን ያንን ፊት አይቼ መዋሸት አቃተኝ።

"ትመጣለች" አልኩ።

ይቀየማሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ተጠግተውኝ ተቀመጡ።

"ምን ለብሳ?"

"አረንጓዴ ሹራቧን።"

"ያን ወፍራሙን?"

"አዎ።"

"እሰይ። እንግዲያው አይበርዳትም። ከስታለች?"

"አልከሳችም። ከመታመሟ በፊት እንደነበረችው ናት።"

"ምን ትልሃለች?"

"አልሰማኋትም። ልትናገር ስትል እነቃለሁ።"

"ለምን ትነቃለህ?"

"እፈራለሁ፣ እማማ።"

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። አልሳቁብኝም። "እሷን?" ብቻ አሉ፣ ግርም ብሏቸው። "እሷ እኮ አይጥ ካየች ወንበር ላይ የምትወጣ ልጅ ናት።" ከዚያ ጉልበቴን ያዝ አድርገው፣ ለጎረቤት መልእክት እንደሚልኩ ሁሉ፣ "በል ከእንግዲህ ስትመጣ አትንቃ። ግቢ በላት፣ ቁጭ በይ በላት። እናትሽም እዚሁ ናት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ወደ እሷ ብቅ በይ ብላለች በልልኝ" አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ለአከራዩ ደወልኩለት። ምነው ተውከው ሲለኝ አማቴ ደረጃ አይችሉም አልኩት። ከቀደሙት ምክንያቶቼ ሁሉ የሚሻለው ይሄኛው ነበር፣ ሳላስበው ነው የመጣልኝ።

አሁን ነሐሴ ነው። አሥር ወር ሙሉ አትምጪብኝ ብዬ የለመንኳት ሴት፣ የእናቷን መልእክት ከተቀበልኩ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ አልመጣችም። በጊዜ እተኛለሁ። የምለውንም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ እናትሽ እዚሁ ናት። እንደ ድሮው እፈራለሁ፤ ግን እጠብቃታለሁ። እየነጋ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ይይዘኛል፣ ከቀድሞው የባሰ። የሸሸኋት መስሏት አኩርፋ ቢሆንስ?

ቁርስ ላይ እማማ በየቀኑ አንድ ጥያቄ አላቸው።

"መጣች?"

ብፈልግ እተረጉምላቸው ነበር፣ ችሎታዬን አይታችሁታል። ከሶስና የተላከ ሰላምታ በጥሩ አማርኛ አቀናብሬ ሳይጠረጥሩ ላቀርብላቸው እችላለሁ። አላደርገውም።

"አልመጣችም፣ እማማ።"

ዛሬም እንዲሁ አልኳቸው። በመስኮቱ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጉም፣ ውሃ የሞላውን የኮረኮንች ዳገት አዩ።

"በዚህ ጭቃ እንዴት ብላ ትምጣ" አሉ። "ክረምቱ ይውጣላት እንጂ።" ከዚያ ሻዬን ቀዱልኝ።