ከመጨረሻው የሚጀምር ፊልም

የአክስቴ ልጅ የፊልም ዲስክ ይሰበስባል። ምነው፣ ስልክ ላይ ሁሉም አለ አይደል ካላችሁት ይቆጣል። አንዱን ፊልም ሦስት ጊዜ ገዝቶታል። የመጀመሪያው ቀለሙ ገርጥቷል አለ፤ ሁለተኛው ዳር ዳሩ ተቆርጧል፤ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁ እንደ ጥንቱ አይደለም። በቀደም ዕለት አንዲት ደቂቃ ጎደለችኝ ብሎ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። አንዲት ደቂቃ! እኔ እኮ ጎንደር ላይ መጨረሻ የሌለው ፊልም እያየሁ አልቅሼ ያደግሁ ሰው ነኝ።

በደርግ ጊዜ እኛ ሰፈር፣ አራዳ፣ ቪዲዮ ያለው አያ ውባንተ ብቻ ነበር። ሆስፒታል ራጅ አንሺ ነው። ቀን የሰው አጥንት ሲያይ ይውላል፤ እሁድ ከሰዓት ግን ሳሎኑ ሲኒማ ቤት ይሆናል። ማታማ ሰዓት እላፊ አለ፣ ማን ይወጣል? ካሴቶቹን በስስ ጨርቅ ይወለውላል፣ ዳንቴል ያለብሳቸዋል። ፊልም ተጀምሮ ያስነጠሰ ሰው "ይማርህ" አይባልም፤ ይገላመጣል።

ከሁሉ የሚወደው አንድ የህንድ ፊልም ነበር። ልጇ ባቡር ጣቢያ የጠፋባት እናት አገር ላገር ትንከራተታለች፤ እኛም አብረናት እንንከራተታለን። በመጨረሻ አንድ ወጣት በሯን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ፣ እልልልል! የአያ ውባንተ ታናሽ ወንድም ሠርግ። ምን ያድርግ? የሠርጉ ሰሞን ባዶ ካሴት ጠፋ፤ ካሜራ ያመጣው ዘመድ ደግሞ በማግስቱ ሊሄድ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ የፊልሙ ጭራ ላይ ቀዳው።

እዚያ ስንደርስ ሁላችንም "ኤጭ!" ብለን እንነሳለን። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ብቻ አይነሱም። እሳቸው የሚመጡት ለሠርጉ ነው። አንድ ልጃቸው ማሩ ሚዜ ነበር። እስክስታ ሲወርድ ከረባቱ ትከሻው ላይ ይወጣል፤ ወደ ካሜራው ዞሮ ይስቃል። በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ፎቶውማ ቤቴ አለ፣ ይላሉ፤ ፎቶ ምን ያደርግልኛል፣ አይስቅ፣ አይጨፍር።

አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ያንኑ ፊልም ሙሉውን፣ ከነማጫወቻው ይዞ ከተፍ አለ። ሰኞ ይመለሳል። አያ ውባንተ ደስታው ልክ አጣ። ግን አራዳን ሲያስስ ቢውል ባዶ ካሴት የለም። እንግዲህ ሠርጉን አጥፍቶ የፊልሙን መጨረሻ ቦታው ሊመልስ ነው። ሙሽራው ወንድሙም፣ አጥፋው፣ እኔ ሚስቴን በየቀኑ አያታለሁ አይደል፣ አለው።

ወሬው እትዬ ጥሩ ጆሮ ደረሰ። መጡ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና፣ "ውባንተ፣ የህንዷን ልጅ አምጥተህ የኔን ልትወስድብኝ ነው አሉ" አሉት።  

በማግስቱ እሁድ ተሰበሰብን። ምን እንዳደረገ ማንም አያውቅም። ካሴቱ ገባ። ገና ከመጀመሩ በሩ ተንኳኳ፤ ወጣቱ ገባ፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ተፈጸመ። ከዚያ ባቡር ጣቢያው መጣና ልጁ ጠፋ! ለካ መጨረሻውን የቀዳው መጀመሪያው ላይ፣ የስም ዝርዝሩና የመክፈቻው ዘፈን በነበረበት ቦታ ነው። ያ በማስነጠስ የሚቆጣ ሰው ፊልሙን በገዛ እጁ ገለባብጦት ቁጭ! "በሉ እንግዲህ፣ እንዲህ ሆኗል" አለ አንገቱን ደፍቶ። ከኛ ጋር የሚያይ አንድ መምህር አጉረመረመ። መጨረሻው ከታወቀ ምኑን ፊልም ሆነ፣ ልብ ካልተሰቀለ ምን ጣዕም አለው፣ አለ።

እትዬ ጥሩ ድሮ ሠርጉ እስኪደርስ አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ነበር የሚቆጥሩ። ያን ቀን ግን ቀና ብለው ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ማሩም ጨፈረላቸው፣ ሳቀላቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲነሱ ወደ መምህሩ ዞሩ።

"ምነው ልጄ፣ ሸጋ አርጎ ነው የሠራው። መምጣቱን አስቀድመው ይንገሩኝ እንጂ፣ መንከራተቱንማ እችለዋለሁ።"