ቱርቦን የናቁት ሊቀ መካኒካን

ጋራዥ ያለው ከተማ ሁሉ፣ የተሰበረ ነገር መጠገን ክብሩን የሚነካው አንድ መካኒክ አያጣም። እንዲህ ያለው ሰው አይጠግንም፤ ያሻሽላል። ጅማም የራሷ ነበራት፤ ከጅሬን በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሊቀ መካኒካን ኤርሲዶ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሾፌሩ ዘለቀ ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደሚገባቸው አድርገው ተቀበሉት።

ወይዘሮ ጽጌ የወፍጮዋን ድምፅ እንዲቀንሱላት ለምናቸው፣ እህሉ ባለቀ ቁጥር የሚያፏጭ ወፍጮ ተረከበች። ለፍሬን የገባ አንድ ላንድሮቨር በሩ በተቃራኒ በኩል የሚከፈት ሆኖ ወጣ። ቅር ላለው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ፋብሪካው ይህን አላሰበበትም።» ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ይጸልያሉ። ጴንጤነት በሚያሳስርበት በዚያ ዘመን ጸሎታቸውን የሚያደርሱት ኮፋኖው ሥር አንገታቸውን ቀብረው ስለነበር፣ የቀበሌው ካድሬ የጠፋ ብሎን የሚፈልጉ ይመስለው ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ዘለቀ የሚነዳው የገበሬዎች ማኅበር ባለ አራት ሲሊንደር የጭነት መኪና፣ ለሞተሩ አየር የሚነፋው ቱርቦው ተቃጠለ። ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። የማኅበር ቡና ያበላሸ ሾፌር ደግሞ «በኢኮኖሚ አሻጥር» ይከሰሳል፤ በዚያ ክስ የገባ ቶሎ አይወጣም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ለቀማው ያልቃል። ስለዚህ ሊቀ መካኒካንን ከነመፍቻቸው አሳፍሮ መኪናው ወደቆመበት የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ወሰዳቸው።

ቱርቦውን በሁለት ጣት አንስተው አዩት። ሞተሩ በሚተፋው ጭስ የሚሽከረከር ለማኝ ነው አሉ። እሳቸው የሚገጥሙት ሱፐርቻርጀር ነው፤ በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ አብሮት እየዞረ አየር የሚያጎርሰው። ከሞተ ግሬደር ላይ የፈቱትን አንድ ይዘው መጥተዋል።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ እሱን የሚያዞረው ጉልበት ከየት ይመጣል?»

«ከሞተሩ።»

«ከሞተሩ ወስዶ መልሶ ለሞተሩ?»

«ጨምሮ ነው የሚመልሰው።»

ዘለቀ በዚያ ዘመን የሚወስድ ብዙ አይቷል፤ ጨምሮ የሚመልስ ግን አልገጠመውም። ቢሆንም ምርጫ አልነበረውም። ምሳውን በልቶ ሲመለስ ገጥመው ጨርሰዋል።

በማግስቱ ቀይ ቡና ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ፣ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች አውሮፕላን የወደቀ መስሏቸው ከቤት ወጡ። አጠገቡ የተቀመጡት ሊቀ መካኒካን ሥራቸውን እያዳመጡ ፈገግ ይላሉ። ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ጣቢያው ደረሱ።

መፈልፈያው ቆሟል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ፈየራ ከአንድ ሚሊሻ ጋር በሩ ላይ ይጠብቃሉ። የማሽኑ ቺንጋ ጠፍቷል። ዘለቀ የመኪናውን ኮፋኖ አየ፤ ከዚያም አጠገቡ የተቀመጡትን ሊቀ መካኒካን አየ።

ሊቀ መካኒካን ሳይጠየቁ ወርደው ማስረዳት ጀመሩ። «ማሽኑ ቡናው እስኪመጣ ሥራ የለውም። መኪናው ደግሞ ካራገፈ በኋላ ሥራ የለውም። አንድ ቺንጋ ለሁለቱም ይበቃል።»

ሚሊሻው ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ሜ፣ እስቲ ዘለቀ፣ አንተ ተናገር» አሉ ኦቦ ፈየራ። «አዘሃቸው ነው ወይስ ሰርቀው ነው?»

«ሰርቀው ነው» ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ዘለቀ ነጻ ሆኖ ቤቱ ይገባል። ሊቀ መካኒካን ይህን የተረዱ አይመስሉም፤ የመፈልፈያውን መዘውር ዙሪያ በስንዝር እየለኩ ነበር።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው፣ ኦቦ። ቡናው ሲደርስ ልንመልሰው ተስማምተን ነበር።»

ኦቦ ፈየራ የቡናውን ጭነት አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ቺንጋውን ማሽኑ ላይ ግጠሙት አሉ። ቡናው ዳነ። ለቀማው እስኪያልቅም ያ ቺንጋ በየቀኑ ከመኪና ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ መኪና ሲመላለስ ከረመ።

የዚያን ዕለት ወደ ጅማ ሲመለሱ፣ ዘለቀ እኚህን ሰው ዳግመኛ አንድ ብሎን እንደማያስነካቸው በልቡ እየማለ ነበር። ሊቀ መካኒካን ምስጋና የሚባል ነገር ትዝ እንኳ አላላቸውም።

«ይህ መሪ ሲታጠፍ አይከብድህም?» አሉት።

 ዘለቀ ጥቂት እንደነዳ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና፣ የመፍቻውን ሣጥን ከወንበሩ ሥር ጎትቶ አወጣላቸው።