ቢጫ ቶብ የለበሰች ማስረጃ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ጠያቂነት የሚመች ሥራ አላየሁም። መላሽ የሆነ ሰው ማጣራት፣ ማስታወስ፣ አንዳንዴም ማፈር አለበት። ጠያቂ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ "ለመሆኑ" ካለ ከሥራው ግማሹን ጨርሷል። ይህች "ለመሆኑ" ስንቱን ሰው እንዳስከበረች እናንተም ታውቃላችሁ። በስብሰባ መካከል ከኋላ ወንበር ተነሥቶ "ለመሆኑ" ያለ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ምንም ይበል ምን፣ ለሻይ ሲወጣ አጃቢ አያጣም። መልሱ ምን ነበር ብሎ የሚከተለው ግን የለም።

ይህን ያስተማሩኝ የተከበሩ ደጀኔ ናቸው።

የተከበሩ ደጀኔ፣ ካርቱም በጦርነት ሳትፈርስ፣ ካላክላ ውስጥ ጎረቤቴ ነበሩ። አገር ቤት ያለውን መንግሥት ይቃወማሉ። "የተከበሩ" የሚለውን ማዕረግ ያገኙት ምክር ቤት ገብተው አይደለም፤ ድሮ አንድ ጊዜ ለመወዳደር ተመዝግበው ነበርና ምዝገባው በቂ ሆኖ ተገኘ። በፓርቲያቸው ውስጥ የንግድ፣ የኢንዱስትሪና የትራንስፖርት ዘርፍ ተጠሪ ነበሩ። የሦስቱም። የፓርቲው ዘርፎች ከፓርቲው አባላት ስለሚበዙ ሰው ሁሉ ተደራርቦ መሾም ነበረበት።

ሥራቸው መጠየቅ ነው። ከረባት ያስራሉ፤ በካርቱም ሙቀት ከረባት ማሰር ራሱን የቻለ ትግል መሆኑን አልክድም። በስልካቸው ራሳቸውን ይቀርጹና ውጭ አገር ላሉ የፓርቲው ልጆች ይልካሉ፤ ልጆቹ ርእስ ሰጥተው ለሕዝብ ይለቁታል። መዝጊያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "መንግሥት አዎ ወይም አይደለም ብሎ ይመልስ!" አንድ ቀን "ለመሆኑ የትራንስፖርት ፖሊሲው የተቀረጸው ለማን ነው? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱ!" ብለዋል። እኔ መንግሥት ብሆን ምን እንደምመልስ እስካሁን አላውቅም።

እንግዲህ አንድ ሰሞን ካርቱም ውስጥ ቤንዚን ጠፋ። ሃፍላ የሚባሉት የከተማው አውቶቡሶች ማደያ ተሰልፈው ይውላሉ፤ ተሳፋሪው ደግሞ የሱቅ ዐረቢ ገበያ መውቂፍ፣ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሃፍላ ይጠብቃል። እኔም ከምተረጉምበት ቢሮ ወጥቼ ወደ ካላክላ ለመሄድ ከሰዉ ጋር ስጋፋ፣ የተከበሩ ደጀኔን ከረባታቸውን አስረው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው አየኋቸው።

"ውድ ወገኖቼ፣ ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ ተመልከቱ! ለመሆኑ የትራንስፖርት ፖሊሲ ማለት ይህ ነው?"

የት እንዳሉ አልተናገሩም። ይህን ልብ በሉልኝ። ብልህ ሰው አይዋሽም፤ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ሌላው ይሞላለታል።

ክፍቱን ቦታ የሞላችው ዘሀራ ናት። ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት፤ አርካዊት ሠፈር በአንድ ሱዳናዊ ቤት ትሠራለች፣ የምታድረው እኛው ሠፈር ካላክላ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጇን ሐያትን እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ያን ቀን አሠሪዋ የሰጠቻትን፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ደማቅ ቢጫ ቶብ ተከናንባ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በተከበሩ ደጀኔ ትከሻ በኩል "አረ ያ ጀማዓ፣ ዛሬ እዚሁ ልናድር ነው እንዴ?" ብላ ጮኸች። ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ። በዚያ ሁሉ ሱዳናዊ መካከል አንዲት አማርኛ የምትናገር አፍ፣ እሷም ቅሬታ የምታሰማ! የተከበሩ ደጀኔ ፊት ላይ የወጣውን ደስታ ሙሽራ ላይ እንኳ አላየሁም።

ማታውኑ ቪዲዮው ተለቀቀ። ርእሱ ላይ የተጻፈው ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት የወሎ ቆላ ከተማ ስም ነው። "ሰው እንዴት አይለይም?" ትሉኝ ይሆናል። ምኑን ይለይ? ነጭ ጀለቢያ ለባሽ? ወሎም አለ። መኪናው ላይ የተጻፈው "ማሻአላህ"? ወሎም አለ። ሙቀቱ? ቆላ ነዋ። ሴትዮዋስ? እሷማ ዘሀራ ናት፤ አገሩ ሁሉ ያውቃታል።

ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ከእናቷ ቤት ብዙም አትርቅም። ጎረቤት ስልክ ይዞ መጣ፣ ሐያትም አየች። በሚቀጥለው ቀን ዘሀራ ስትደውል እናቷ ሰላምታ አላስቀደሙም።

"እዚህ ድረስ መጥተሽ ልጅሽን ሳታዪ ተመለስሽ?"

"ኡሚ፣ ወላሂ ካርቱም ነኝ!"

"በዓይኔ አየሁሽ እኮ።"

"ሐያትን አገናኙኝ።"

"አልመጣም ብላለች።"

ሐያት በቀጣዩም ጊዜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ዘሀራ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስታጥብና ስታበላ ውላ ስትወጣ የምትጽናናው በዚያች ድምፅ ነበር።

እኔ ዘንድ መጣች። ለፓርቲውና ለዘመዶቿ የሚላክ የጽሑፍ ማስተባበያ ላዘጋጅላት አልኩ። "ያንን ማን ያነባል ኡስታዝ?" አለችኝ። "ሰው የሚያየው የእሳቸውን ነው። እሳቸው ይበሉት።" እውነቷን ነው። ዓርብ፣ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ፣ አብረን ሄድን።

የተከበሩ ደጀኔ በአክብሮት ተቀበሉን። ለሕዝብ ጥያቄ በራቸው ክፍት ነው።

"ጋሼ ደጀኔ፣ አንዲት ቃል ብቻ ይበሉልኝ። ‘ቦታው ካርቱም ነው’ ይበሉ። ልጄ ትሰማዎታለች።"

"ጥያቄሽ ተገቢ ነው እኅቴ።"

"ተገቢ ከሆነ ይበሉታ።"

"ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየታየ ነው።"

"አካሉ ማን ነው?"

ስልካቸውን አገላበጡ። አካሉ እሳቸው ነበሩ።

"እንግዲህ" አሉ፣ "አንድን ቪዲዮ ከአጠቃላይ የትግሉ ሁኔታ ነጥሎ ማየት አይገባም። እኔ ካርቱም አይደለም አላልኩም።"

"ነው ይበሉና!"

"አሁን ጊዜው አይደለም። ብናስተባብል መንግሥት ይጠቀምበታል።"

"እኔ መንግሥትን አላውቀውም! ካርቱም ነው አይደለም? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱ!"

ይህን ከየት እንደተማረችው መገመት አያቅትም። ሳል ያዘኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። የተከበሩ ደጀኔ ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩአት።

"ለመሆኑ" አሉ፣ "ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ማን ነው ያለው?"

"ከጀርባዬ? ሐያት ናት ያለችው።"

እኔ በሕይወቴ የብዙ መንግሥታትን መግለጫ ተርጉሜአለሁ፤ ያን ቀን ግን አንድም አዲስ ቃል አልሰማሁም። ሰውየው ሥልጣን ሳይይዙ መልሱን ሁሉ አጥንተው ጨርሰዋል። ሹመቱ ብቻ ነው የቀራቸው።

ዘሀራ ተስፋ ያደረገችው በመንግሥት ነበር። መንግሥት ይክዳል፤ "ይህ ሰልፍ የእኛ አይደለም" ይላል፤ ያኔ እናቴ ያምናሉ አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ እውነትም መልስ ተሰጠ። ለተከበሩ ደጀኔ ከመንግሥት ወገን መልስ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። የዚያች ከተማ ሹም በቪዲዮ ወጥተው፣ ፓርክ መስሎ የተጠረገ መናኸሪያ እያሳዩ፣ "ባለፈው የታየውን የትራንስፖርት ችግር በተቀናጀ ርብርብ ፈትተነዋል" አሉ።

ካርቱም ያለውን ሰልፍ! እኛ እኮ ያን ዕለትም መውቂፉ ላይ ቆመን ነበር።

ተመልከቱ እንግዲህ። መንግሥትና ተቃዋሚ በንግድ አልተስማሙም፣ በኢንዱስትሪ አልተስማሙም፤ ዘሀራ ወሎ እንደነበረች ግን ተስማሙ። እናቷ ስልኩን አንሥተው "መንግሥቱም ነበረች ካለ፣ ተቃዋሚውም ነበረች ካለ፣ አልነበርኩም የምትዪ አንቺ ማን ነሽ?" አሏት።

ዘሀራ አላለቀሰችም። በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት ቢጫ ቶቧን ለብሳ በእኔና በተከበሩ ደጀኔ በሮች መካከል ቆማ አገኘኋት።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ከረባት።"

የተከበሩ ደጀኔ ከረባት አስረው ወጡ። ዓርብ ለእሳቸው ምቹ ቀን ነው። በካርቱም ዓርብ ጠዋት ሁሉም ዝግ ነውና የተዘጋ ነገር እንደ ልብ ይገኛል። ያን ቀን ፋብሪካዎች ወዳሉበት ሠፈር ሄደው፣ ሠራተኞቹ ዕረፍት የወጡበትን የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር እያሳዩ "ለመሆኑ ይህን ኢንዱስትሪ የገደለው ማን ነው?" አሉ። ከኋላቸው፣ በበሩ ጥግ፣ አንዲት ቢጫ ቶብ የለበሰች ሴት ትንፍሽ ሳትል ቆማለች። ልጆቹ ርእሱ ላይ የአንድ የደቡብ ከተማ ስም ጻፉ። በቀጣዩ ዓርብ የሱቅ ዐረቢን ዝግ ሱቆች እያሳዩ "ንግድ ሞቷል!" አሉ፤ ርእሱ ላይ የምሥራቅ ከተማ ስም ተጻፈ። ቢጫዋ ሴት እዚያም አለች። ራሱን የሚቀርጽ ሰው ከራሱ ፊት ሌላ የሚያየው እንደሌለ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ያዩት ተመልካቾቹ ናቸው። "ይህች ሴትዮ ምን ሆና ነው አገር የምትዞረው?" ብሎ አንዱ ጻፈ፤ ሌላው ሦስቱን ምስል ጎን ለጎን ለጠፈ፤ ምስሉ ወሎም ደረሰ። ፓርቲው አስቸኳይ መግለጫ አወጣ፤ በመንግሥት ተልእኮ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረች ትግሉን የምታደናቅፍ ሰርጎ ገብ መገኘቷን አስታወቀ። ካርቱም የሚለው ቃል አሁንም አልወጣቸውም። አንዲትን የቤት ሠራተኛ አገሪቱን ሁሉ ማዞር ቀለላቸው።

በዚያው ሰሞን መውቂፍ ላይ አብረን ቆመን ሳለ የዘሀራ ስልክ ጮኸ። አገር ቤት ነው። ዘወትር የምትደውለው እሷ ስለነበረች ደንግጣ አነሣችው፤ ከሰዉ ጫጫታ የተነሣ ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበርና እኔም ሰማሁ።

"እማ" አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ፤ ሳቋን ማፈን አቅቷታል፤ "ዛሬ ደግሞ የት ከተማ ነሽ?"

ዘሀራ የቶቧን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

"ካርቱም ነኝ፣ የኔ ልጅ።"

"አውቃለሁ" አለች ሐያት።

ሃፍላው ያን ቀንም ዘገየ። ከዚያ ሁሉ "ለመሆኑ" በኋላ መልስ የሚባል ነገር በጆሮዬ የሰማሁት ግን ያኔ ነው፤ እሱንም የሰጠችው ማንም ያልሾማት ልጅ ናት።