ለወደቀው ፈረሰኛ አስር የሰጠ ዳኛ

እኛ ሐበሾች ሽማግሌ እንሆናለን እንጂ ዳኛ መሆን አንችልም! አትቆጡ... እስቲ በየሰፈራችሁ ያለውን ተመልከቱ። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ የሌላውን ጥርስ ቢያወልቅ፣ ሽማግሌ ተብለን የተሰየምነው «ያወለቀው ማነው?» ብለን አንጠይቅም። «በል አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብለን፣ ጥርሱን ያጣውን ይቅርታ አስጠይቀን፣ ምሳችንን በልተን እንበተናለን። እኔም ይህንኑ ጥበብ ታጥቄ ነው እዚህ ጆሃንስበርግ ውስጥ የፈረስ ውድድር ዳኛ የሆንኩት።

የፈረስ ውድድር ስላችሁ ተራ ሽቅድምድም እንዳይመስላችሁ። ሰዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የጥንት የአውሮፓ ጦረኞች ይሆናሉ። ከአንገት እስከ ጥፍራቸው ብረት ይለብሳሉ፤ የድግስ ድስት የሚያህል የራስ ቁር ይደፋሉ፤ የስልክ እንጨት የሚያህል ጦር ይዘው ይጋልባሉ። በዚህ ሙቀት! ከነሱ አንዱ ደግሞ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ያለችውን የብርድ ልብስና የመጋረጃ ሱቄን የሚያከራየኝ ሄንድሪክ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቁምጣ የሚንጎራደድ ሰው፣ ቅዳሜ ባላባት!

እኔን ዳኛ ያደረገኝ ምላሴ ነው። አንድ ቀን ሄንድሪክ ሱቄ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ አየና «ይሄ ማነው?» አለኝ።

«አጎቴ ነው» አልኩት።

«አንተስ ትጋልባለህ?»

«እኔማ በእግሬ መሄድ የተማርኩት መጋለብ ከቻልኩ በኋላ ነው!»

በእናንተና በእኔ መካከል ይቅርና፣ ፈረስን በቅርብ የማውቀው ናዝሬት ጋሪ ስሳፈር፣ ያውም በስተኋላው በኩል ነው። ግን ምን ላድርግ? የሱቄ ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ቦታውን ደግሞ ዶሮ ጠባሾች ዓይናቸውን ጥለውበታል ይባላል። ሄንድሪክ «ቅዳሜ ና፣ ዳኛ ጎድሎብናል» ሲለኝ፣ «ና ፈረስ ሁንልኝ» ቢለኝም እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። ስለ ውሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያስፈራኝም እሱ ነው!

ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ሄድኩ። ድንኳኑ፣ ባንዲራው፣ የሚጠበሰው ቋሊማ ሽታ... የካርቶን ዘውድ የደፉ ንጉሥ ቢራቸውን ይጨልጣሉ። ከጎኔ የተቀመጡት ዋና ዳኛ ወይዘሮ ማርግሬት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግልቢያ ያስተማሩ፣ ወገባቸው እንደ ጦር የቀና አሮጊት። ሥራችንን አስረዱኝ። ፈረሰኛው መጀመሪያ የተንጠለጠለ ቀለበት በጦሩ ይሰካል። ቀጥሎ ምሰሶ ላይ የታሰረ ጋሻ ይመታል። ምሰሶው ግን ተንኮለኛ ነው፤ መትተህ ፈጥነህ ካላለፍክ፣ በሌላኛው ጫፍ የተንጠለጠለው የአሸዋ ከረጢት ዞሮ ማጅራትህን ይልሃል። እኛ ከአስር ነጥብ ሰጥተን ሰሌዳ እናነሳለን፤ ምን ማሻሻል እንዳለበትም በማይክ እንናገራለን።

የመጀመሪያው ጋለበ፤ አስር ሰጠሁት። የሁለተኛው ጦር ሰማይ ወጋ፤ እሱም የሰው ልጅ ነው ብዬ አስር። ሦስተኛው ገና ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ እንደ ጆንያ ተዘረገፈ፤ አስር!

ወይዘሮ ማርግሬት ሰሌዳዬን አዩ፤ የወደቀውን ሰው አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ።

«ወድቋል እኮ!»

«ግን ማንም ሳይደግፈው ተነሳ እኮ፣ እመቤቴ። ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ!»

«ፈረሱ ብቻውን ነው የጨረሰው!»

«ለፈረሱም አስር አለኝ።»

«እሺ፣ ምን ያሻሽል?»

ማይኩን ተቀበልኩና «በርታ!» አልኩ።

አሮጊቷ ጠጋ ብለው «ስማ» አሉኝ፤ «እነዚህ ሰዎች ስህተታቸውን ካልነገርናቸው አንድ ቀን አንገታቸው ይሰበራል። ማባበል ከፈለግህ ሂድና ሕፃናት ማቆያ ተቀጠር!»

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ያሸነፈ የቡድኑ መሪ ሆኖ ባንዲራውን ይይዛል። አንዱ እስከ ዛሬ ባንዲራውን ለማንም ያላስነካው የእኔው ሄንድሪክ፤ ሌላዋ ኖምሳ የምትባል፣ ክረምቱን ሙሉ ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ስትለማመድ የከረመች ወጣት። ኖምሳን አውቃታለሁ፤ ደንበኛዬ ናት።

ኖምሳ ጋሻውን ጓ! አድርጋ እልም አለች፤ ከረጢቱ ጥላዋን እንኳ አላገኘውም። ቀጥሎ ሄንድሪክ ተነሳ... ምድር ተንቀጠቀጠች... ፈረሱ አረፋ ደፈቀ... ጋሻው ጋ ሲደርስ ግን ሰውየው አመነታ! ልጓሙን ሳበና ጋሻውን እንደ ሙሽራ ጉንጭ ዳሰስ አደረገው። ከረጢቱ ዞሮ መጣና ማጅራቱን ዷ! የራስ ቁሩ ድምፅ አሌክሳንድራ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

በቀለበቱ ሄንድሪክ ቀድሞ ስለነበር በወይዘሮ ማርግሬት ነጥብ ሁለቱ እኩል ሆኑ። አሸናፊውን የሚለየው የእኔ ሰሌዳ ነው ተባለ። እኔ ግን ሰሌዳ አልታየኝም፤ የታየኝ ሱቄ ውስጥ የዶሮ ዘይት ሲንተከተክ ነው። ያኔ ነው ሐበሻነቴ የተነሳብኝ! ሰሌዳውን ጣልኩና ሜዳው ውስጥ ገብቼ በሁለቱ ፈረሶች መሃል ቆምኩ።

«ልጆቼ፣ ምን ያጣላችኋል? የአንድ ቤት ልጆች አይደላችሁም? እሱም ይተው፣ አንቺም ተይ። ሁለታችሁም አሸንፋችኋል። በሉ ውረዱና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ!»

ሕዝቡ የትዕይንቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

«አልተጣላንም እኮ!» አለ ሄንድሪክ ከብረቱ ውስጥ።

ኖምሳ የፊቷን መከለያ ወደ ላይ ገፋችው። «ኤይ፣ ማይ ፍሬንድ! ብርድ ልብስ ልገዛ መጥቼ ስንቴ ለምኜሃለሁ? ቀንሰህልኝ ታውቃለህ? ‹ዋጋው ዋጋ ነው› ነው የምትለኝ። እኔም ዛሬ የምፈልገው ዋጋዬን ነው። ስንት ነኝ?»

ላብ በላብ ሆኜ ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ለኖምሳ አስር፣ ለሄንድሪክ... ሦስት አነሳሁ። ወይዘሮ ማርግሬት ማይኩን አቀበሉኝ።

«ሄንድሪክ ምን ያሻሽል?»

«በርታ» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው!

«ይሄ ሰው አነሳሱ ግሩም ነው። አመጣጡ ያስፈራል። ግን አይጨርስም! ዒላማው ጋ ሲደርስ ልጓም ይስባል። የሱቄ ጣሪያም ላይ ያው ነው... ‹ነገ እጠግነዋለሁ› ይላል፤ በነጋታው መጥቶ ጣሪያውን አንጋጦ ያያል፤ ‹አዎ፣ ያፈሳል› ብሎኝ ይሄዳል! ዝናብ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሶቼ ዋና ይለማመዳሉ! ወገኖቼ፣ ይሄ ሰው የጀመረውን መጨረስ ይልመድ!»

ወይዘሮ ማርግሬት ማይኩን ቀሙኝና «አሁን ገና ዳኛ ሆንክ» አሉኝ። ኖምሳ ባንዲራውን እያውለበለበች ሜዳውን ዞረች። ሄንድሪክ አንዴ አየኝና ፈረሱን እየሳበ ሄደ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለትዕግስት የሆነውን ስነግራት ራሷን ያዘች። «ለአከራይህ ሦስት? አንተ ሰውዬ፣ ወጥ ሳሳርር እንኳ ‹እጅሽ ይባረክ› ትለኝ የለም እንዴ? ያቺን ውሸት ለእሱ ምን አሳሳህ?» እሁድን መጋረጃ ስንጠቀልልና ካርቶን ስናስር ዋልን።

ሰኞ ጠዋት ሄንድሪክ መጣ። አንገቱ አልዞር ስላለው ከነሙሉ ሰውነቱ ነው የሚዞረው። በአንድ እጁ ውሉን፣ በሌላው መዶሻ ይዟል። ውሉን ባንኮኒው ላይ አኖረና «ይህን ያህል ዘመን ስጋልብ እውነቱን የነገረኝ የለም» አለ። «መጀመሪያ ጣሪያውን እጨርሳለሁ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ወጣና ሲቀጠቅጥ አረፈደ። ሲጨርስ ባልዲ ሙሉ ውሃ ተቀብሎን ቆርቆሮው ላይ ደፋው። እኔና ትዕግስት ከታች አንጋጠን ጠበቅን። እውነት ለመናገር የድሮው ቀዳዳ ድርግም ብሏል። በአዲሶቹ ምስማሮች ዙሪያ ግን ውሃው መንገድ አገኘና ቀጥ ብሎ መላጣዬ ላይ ይወርድ ጀመር።

«ዳኛ!» ብሎ ተጣራ ሄንድሪክ ከላይ፤ «ስንት?»

«ዘጠኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አንዷን ለማሻሻያ አስቀርቻታለሁ!»

ትዕግስት ዓይኗ ፈጠጠ። «ውሃው አናትህ ላይ እየወረደ?»

«ዝም በይ!» አልኳት በሹክሹክታ፤ «ገና አልፈረመም!»