ሳይለኮስ የቀረ ደመራ

ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ በዓሉን ይዞ ይሄዳል። ደግ ነው። ግን ሻንጣ ውስጥ የጠቀጠቃችሁት ልብስ ሲወጣ ተጨማድዶ አይደል የምታገኙት? በዓልም እንዲያው ነው። አንዱ ጾሙን ትቶ ፍስኩን ብቻ ያከብራል፤ ሌላው ዕለቱን ትቶ ቅዳሜ እስኪመጣ ይጠብቃል። ቅዱሳኑም አብረው ይጠብቃሉ፤ ምን ያድርጉ፣ ቶሮንቶ የሥራ ቀን አይለቅም። የእኔ ትምህርት ከዳዊት አላለፈም፤ በሰው በዓል አልፈርድም። አንድ ቀን ብቻ ፈርጄ ነበር። እሱንም በእሳት።

በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ኢቶቢኮ በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር፣ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ጽዳት እሠራ ነበር። ስዊድኑ፣ ኖርዌዩ፣ ዴንማርኩ፣ የአንዳንዱ አያት ስንዴ ሊዘራ፣ ሌላው ራሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አናጢነት ፈልጎ መጥቶ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበዋል። ግድግዳው ሁሉ የመርከብና የጢማም ሽማግሌ ፎቶ ነው። ስወለውላቸው ስማቸውን ባላውቅም ነፍስ ይማር እላቸዋለሁ።

እኛ ደግሞ መቀደሻ አጥተን ከቤዝመንት ቤዝመንት እንንከራተት ነበርና ቄሳችን ይህን አዳራሽ ለእሁድ እሁድ እንድለምን ላኩኝ። ሊቀመንበሯን፣ ስዊድናዊቷን ወይዘሮ ኢንግሪድን ለመንኳቸው። በበዓላችን ቀን ና፣ ኮሚቴው አይቶህ ይወስናል አሉኝ።

ሰኔ ላይ ሱፌን ለብሼ፣ ጸሎቴን አድርሼ ሄድኩ። ግቢው መሀል ምን ባይ ጥሩ ነው? ረጅም ግንድ ቆሟል፤ ቅጠልና አበባ ተጠምጥሞበታል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦታል። የምን በዓል ነው ብል የዮሐንስ ነው አሉኝ። ለእኔ ግን ጥርት ያለ ደመራ ነው። በመስከረም አለመሆኑም አልደነቀኝም፤ የፈረንጅ ቀን መቼ ከእኛ ጋር ገጥሞ ያውቃል። እየጸለይኩ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። እነሱም ዞሩ፤ የተከበሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ። ከዚያ ዓሣና ድንች ሊበሉ ጥለውት ሄዱ።

ሳይለኩሱት!

ምስኪኖች፣ ስደቱ ረዝሞባቸው የበዓላቸው መጨረሻ ጠፍቷቸዋል አልኩ። ከኪሴ ጧፍና ክብሪት አይጠፋም። እርጥቡ ቅጠል እንቢ አለኝ፤ አበባው ግን የወረቀት ኖሮ ቦግ አለ። እልል ልል አፌን ስከፍት ወይዘሮ ኢንግሪድ ቀደሙኝ። የእሳቸው እልልታ አልነበረም።

በሎሚ ጭማቂና በቡና አጠፉት። የእኛም ቅዳሴ አብሮ የጠፋ መሰለኝ። ላብ እያጠመቀኝ ስለ መስቀል በዓል ላስረዳ ስሞክር አቶ ኦላቭ የሚባሉ ኖርዌያዊ ሽማግሌ አናጢ እየሳቁ ተነሡ።

«ሠላሳ ዓመት ነገርኳችሁ» አሉ። «የዮሐንስ ዋዜማ በእሳት ነው የሚከበረው። ይኸው፣ ሰውዬው ከኢትዮጵያ መጥቶ አወቀ።»

«የእናንተ ይንደድ፣ የእኛ ግንድ አይነድም» አሉ ወይዘሮ ኢንግሪድ።

አንድ ዴንማርካዊ ደግሞ፣ እንደ አገራቸው ልማድ እሳቱ ላይ ከጭድ የተሠራች የጠንቋይ አሻንጉሊት ካልተቀመጠች ምኑን በዓል ሆነ ብለው ገቡበት። ጠቡ ለካ የቆየ ነው፤ እኔን ረሱኝ። ማኅበር አቋቁሞ መጣላት የእኛ ብቻ ርስት ይመስለኝ ነበር። ማርያምን፣ ተጽናናሁ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ኖርዌይና ዴንማርክ ተባብረው፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ አዳራሹ ተፈቅዶልናል። ግን ጧፍ በተለኮሰ ቁጥር አቶ ኦላቭ እሳት ማጥፊያ ይዘው አጠገቡ ይቁሙ ይላል።

ቅዳሴያችን ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያው እሁድ አቶ ኦላቭ ሰዓታቸውን ሲያዩ ዋሉ። በሁለተኛው ቄሱ አዝነው መቋሚያ ሰጧቸው። በሦስተኛው ጫማቸውን አወለቁ። ጥምቀት ሲደርስ፣ የእኛ ልጆች ደጅ ላይ «ዌን ኢዝ ኢት ኦቨር» እያሉ ሲያላዝኑ፣ አቶ ኦላቭ ማጥፊያቸውን በክብር መሬት አስቀምጠው፣ እግዚኦ በተባለ ቁጥር ከሁላችን ቀድመው ይሰግዱ ነበር።

አንድ እሁድ ወይዘሮ ኢንግሪድ በበሩ አጮልቀው አዩና ወደ ጥግ ሳቡኝ። ሰውየው ምን እያደረገ ነው አሉኝ።

«እሳቱን እየጠበቁልን ነው» አልኳቸው።

አልዋሸሁም።