ባለ አራት ሜዳሊያው ጎዳና

አገር ያለ ሹም ሊያድር ይችል ይሆናል፤ ሰፈር ግን ያለ አራሚ አድሮ አያውቅም። የእኛ አራሚ ክቡር ጋሽ ፖስታ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ እኛን እንዲያርሙ ተሾሙ። ሿሚውም ራሳቸው ናቸው።

መንገዳችን የተሰየመው በጦር ሜዳ በወደቀ የሰፈራችን ልጅ ነው። ታፔላው ላይ "የባለ አራት ሜዳሊያው ሃምሳ አለቃ ጎዳና" ይላል። እኛ "ዳቦ ቤቱ ጋ" እንለዋለን፤ ምላስም አይደክም፣ እንግዳም አይጠፋ። ጋሽ ፖስታ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። "ዳቦ አልዘመተም" ይላሉ። የታክሲ ነጂ ከጠየቃቸው ሙሉ ስሙን ሳያስደግሙ አቅጣጫ አያሳዩም። የሠርጌን መጥሪያ እኔ ላድርስልህ ብለው ተቀብለው፣ ሰማንያውም ካርድ ላይ "ዳቦ ቤቱ ጋ" የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አርመው አደሉልኝ። ግማሹ ዕድምተኛ መንገዱን ሲያፈላልግ ምሳው አለፈው። አማቴ እስከ ዛሬ እንዳኮረፉኝ ናቸው።

ባለፈው ወር ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሰው የማይጠራው ስም ምን ይሠራል ብሎ "ዳቦ ቤት ጎዳና" ሊለው እንዳሰበ ተሰማ። ነዋሪው ተጠይቆ ይወሰናል ተባለ። ያን ሳምንት ጋሽ ፖስታ ማንንም አላረሙም። ሆን ብዬ ፊታቸው "ዳቦ ቤቱ ጋ" ብል እንኳ አላረሙኝም። ያኔ ደነገጥኩና ምን ሆኑ አልኳቸው።

"ሦስቱን ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አድርጎ መጥቶ አይተነዋል" አሉኝ። "አራተኛው ግን እሱ ከሞተ በኋላ በጥቅል መጣ። እናቱን ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ።"

ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መዝገቧን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ዳቦ ጋጋሪውን ነው። ጎዳና በሱቁ ሊሰየምለት አንድ ቃል የቀረው ሰው ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ጋሽ ፖስታ ታፔላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ዳቦ ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠረገና፣ "የባለ ሦስት ሜዳሊያው ሃምሳ አለቃ ጎዳና" አለ።

ጋሽ ፖስታ ዕንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ተነሱ። ሊመርቁት ነው ብለን ስንጠብቅ፣ "አራት ነው" አሉት።

ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ከዳቦ ጋጋሪው ኋላ የተሰለፍነው ሁሉ፣ አንዳችንም ሳንሳሳት፣ አራት አልን።